ከሮም የመጡት ፎቶዎች

ይድረስ ለልጄ ለገሊላ። የምትማሪበት አገር ይቅናሽ፤ ስትወጪ ስትገቢ እመቤቴ ትከተልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ሊቶኒያ ያለው ፀጉር ቤታችን ሥራ አላጣም። አባትሽ ጉልበቱን እያመመው ኡበር መንዳት ቀንሷል።

ፎቶዎችሽን ግን ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ከረመ። መስከረም ላይ ኮሎሲየም፣ ጥቅምት ላይ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ ፓንቴዮን። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሰብስቦ «ልጄ ሮምን ጨረሰቻት!» ይላል።

እኔ ያየሁት ፀጉርሽን ነው። ሹሩባው የበረርሽ ዋዜማ በእጄ የሠራሁልሽ ነው። በሦስቱም ፎቶ ላይ ሥሩ አላደገም፤ አንድም ዘለላ አልላላም። ሹሩባ በሁለት ወር ምን እንደሚመስል ለእኔ አይነገረኝም። ሁሉንም የተነሣሽው በደረስሽ ሰሞን ነው፤ ከዚያ እየቆነጠርሽ ትልኪልናለሽ።

ለአባትሽ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ልጅሽንም እንደ ሱቅ ዕቃ ትፈትሺያለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ፎቶዎቹን ለማንም አላሳየም።

ታመሽ ይሁን፣ ትምህርቱን ትተሽው ይሁን አላውቅም። ስደውል አታነሺም። የትኛውም ቢሆን አልቆጣሽም፤ መፍትሔ የሚፈለገው ነገሩ ሲታወቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሐውልቱም ፏፏቴውም ይቅርና አሁን ያለሽበት ክፍል ውስጥ ሆነሽ ፎቶ ተነሺልኝ። ፀጉርሽ ተንጨባርሮም ቢሆን እንዳለ ላኪው፤ ስትመጪ እኔ እሠራዋለሁ።

የማርያም ልጅ ካለሽበት ያውጣሽ።

እናትሽ ፋናዬ