አባትሽ ሲጠራኝ

ልጄ ምኞት፣ ሥላሴ በሰው አገር ከለላ ይሁኑሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የፒያሳው ቤታችንም እስካሁን አልፈረሰም። ባለፈው በስልክ ስናወራ ፈረንሳዊው ባልሽ ከኋላሽ «ሞናሙር» ብሎ ሲጠራሽ ልቤ ቀጥ አለ። አባትሽም በተማሪ ቤት ፈረንሳይኛው እንደዚያው ይለኝ ነበር። የጎረቤታችንን የሸፊቃን ልጅ ረይሀናን ብጠይቃት «እትዬ፣ ፍቅሬ ማለት እኮ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት ሲለኝ አፍሬ «የሺዓለም የሚባል ስም የለኝም እንዴ?» እያልኩ እቆጣው ነበር። ኋላ ተወው፤ «የሺዓለም» ብቻ እንዳለኝ ነው የሞተው። አንቺ ባልሽ ሲጠራሽ ዝም አትበዪው፣ እሺ እናቴ? ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ በልጅ ይባርካችሁ። ሚስት ምን ብላ እንደምትመልስ በአማርኛ ፊደል ጻፊልኝ። ለሙት ዓመቱ መቃብሩ ጋ ስሄድ እለዋለሁ።

እናትሽ የሺዓለም