ከቀለም በኋላ ይጠብቃል

ለክቡር የነባር ተሽከርካሪዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተዋለልኝ ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም ስለ መሪው

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ በጥላዎ ሥር የሚተዳደረው ሠራተኛስ ሁሉ ደኅና ነው? ጤናዎን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አለመሆኑን ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ እንደሚረዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እስከ ፊታችን ቅዳሜ ድረስ በዚህ ከተማ ውስጥ የእርስዎ ደኅንነት እንደ እኔ እንቅልፍ የነሳው ሰው ያለ አይመስለኝምና።

ከሥራዎ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ የዚያች ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የስፖርት መኪና ባለንብረት የነበርኩት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ መካኒክ ነበር። መኪናዋን በአንድ የተዘጋ መጋዘን ጥግ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቶ፣ አዲስ ላድርጋት ሳይል እንደነበረች ሊመልሳት ተነሣ። የበሩን ማሸጊያ ጎማ ገልጦ ፀሐይ ያልነካውን የፋብሪካ ቀለሟን ፈለገ፤ አመድማ ነበር፤ ከዚያ ጋር የሚገጥም ቀለም ለማግኘት ስንቱን ቆርቆሮ በጥብጦ ስንቱን ደፋ። የእንዲህ ያለች መኪና ዋጋዋ ሰው ባልነካካው ነገሯ ላይ ነው ይል ነበር፤ ስለዚህም ከነካው ያልነካው ይበልጣል። ሊቀባት ሲሰናዳ ልቡ ቀድሞት ቆመ። እርስዎም ልብስዎን አሳምረው ሊያጽናኑኝ መጡና፣ «እኛ እንጨርሳታለን፤ ክብሯም ዋጋዋም ሳይነካ በአደራ እንጠብቃታለን» አሉኝ። እኔም አመንኩና ሰጠሁዎት።

ለዚህ አደራ አጠባበቅዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። አመድማ የሐዘን ቀለም ስለሆነ ለበዓል አይመጥንም ብለው መኪናዋን እንደ በርበሬ ቀይ አስደርገዋታል። የፋብሪካው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ፣ ባለቤቴ ለምስክርነት ብሎ ያስቀራት የመዳፍ ያህል ቦታ እንኳ ሳትቀር ከጥራጊው ጋር ተጠርጋ ሄደች። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ሊያይዋት መጥተው በሩን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ አሉ። ሰውየው በአድናቆት ዲዳ ሆነው ነው የሚለው የሕዝብ ግንኙነትዎ ማብራሪያ ደርሶኛል።

2ኛ. ስለ ስቱኮውም እንዲሁ። ዝገቱ ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው ብረት መግባት ሲገባው፣ በላዩ ስቱኮ ተለስኖ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ለስልሷል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። ከውስጥ ያለው ዝገት ግን ሥራውን እንደማያቋርጥ ሳስበው፣ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ያለ ዕረፍት የሚሠራ አንድ ባልደረባ በመኖሩ እጽናናለሁ።

3ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ከኮፈኑ ሥር፣ መሪው ከፊት ጎማዎች ጋር በሚገናኝበት ቦታ አጠገብ፣ ባለቤቴ በነጭ ጠመኔ «ከቀለም በኋላ ይጠብቃል» ብሎ ጽፏል። የመሪው ክፍሎች ለቀለም ቅቡ እንደገና መፈታታቸው ስለማይቀር ብሎኖቹን በጣቱ ብቻ አዙሮ አስገብቷቸው ነበርና፣ ጽሑፉ ለራሱ ማስታወሻ ነው። የሚጠብቀው ብሎኑ ነው። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

የእንጀራዬ ነገር ሆኖብኝ፣ ትንሽ ላስተምር ይፍቀዱልኝ። በዚህች ቃል ውስጥ «ብ» ላልታ ስትነበብ ብሎን ይጠብቃል፤ ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ ሰው ሰውን ይጠብቃል። ፊደላችን ለሁለቱ መለያ ምልክት ስለሌለው ነገሩ ለአንባቢው ማስተዋል የተተወ ነው። ባለቤቴን «ይጥበቅ» ብለህ ጻፍ፣ ሰው ይሳሳታል ስለው፣ «መኪና ውስጥ አንገቱን ያስገባ ሰው ይገባዋል» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። እርስዎ አንገትዎን አላስገቡም፤ ቆመው ከላይ አነበቡት፤ አጥብቀው አነበቡት። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ ሟቹ ባለሙያ ከሞት ማዶ ሆኖ የሥራውን ፍጻሜ ይጠብቃል ብለው ንግግር አደረጉ አሉ፤ ያዳመጡትም አለቀሱ። ከዚያም ይህ የመጨረሻ ቃሉ እንዳይጠፋ በማለት ጠመኔውን በቫርኒሽ አስለበጡት። ከሥሩ ያሉት ብሎኖችም እንደላሉ አብረው ተለበጡ። ቃሉ በጥሪ ካርድዎ ላይ በወርቃማ ቀለም ታትሞ ለእኔም ደርሶኛል። ፊደሉ ስለጠበቀ ብሎኑ ላልቶ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዳይከፋብኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ መሪው ላልቷል ስል የምናገረው ስለ መኪናዋ መሪ ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም የሚፈልግ አንባቢ በራሱ ኃላፊነት ይፈልግ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። በካርዱ እንደተገለጸው ቅዳሜ፣ በበዓሉ ዕለት፣ መኪናዋ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ተነሥታ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳ፣ ድልድዩ ጋ ወደ ተሰበሰበው እንግዳ ትደርሳለች። እርስዎ ጎን ተቀምጠው እጅዎን ያውለበልባሉ። የሚነዳው ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ ሹፌር፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የእኔ ዋርሳ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መኪናዋ ተገፍታ እንጂ በሞተር ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ባለፈው ሲገፏት መሪውን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ ማታውኑ ቤቴ መጥቶ፣ «እትዬ፣ መሪውን ሳዞረው ጎማው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ» አለኝ። ለጋራዥ ኃላፊው ቢነግረው ቅርስ አይነካም ተብሎ ተመልሷል። እምቢ ቢል ከሥራ ይወጣል፤ ሚስቱ ደግሞ ገና አራስ ናት። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች በአንዲት መኪና ምክንያት መቅበር አልችልም።

4ኛ. በመጨረሻም የግቢዎን ጥበቃ አመሰግናለሁ። በቦርሳዬ መፍቻ ይዤ ብመጣ፣ «እናቴ፣ ከላይ ካልታዘዘ ምን ላድርግ?» ብሎ በትሕትና መለሰኝ። በነገራችን ላይ ላጠብቅበት የያዝኩትን ዕቃ መፍቻ ብለን መጥራታችን አንዳንድ ኃላፊዎችን ግራ ቢያጋባ አይፈረድባቸውም። ለላክሁት ማመልከቻም «በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል መልስ ደርሶኛል፤ ይህኛው ጠብቆ እንደሚነበብ ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል። በር ሲዘጋብኝ ነው ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት።

ቀለሙን አልጠይቅዎትም፤ ተፍቆ ሄዷል። ዋጋዋንም አልጠይቅዎትም፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ሲያደርጉ አብሮ ወጥቷል። የምለምንዎት፣ እባክዎን፣ ያ ቫርኒሽ ተፍቆ አንድ መካኒክ መፍቻ ይዞ ከሥሯ እንዲገባ ብቻ ነው። የባለቤቴ ጽሕፈት ይጥፋ። እኔ የእሱን እጅ ጽሑፍ ከቤቴ ግድግዳ ላይ አላጣም፤ ወንድሙን ግን ሌላ አላገኝም።

ለነባር ተሽከርካሪዎች ያለዎት ፍቅር ለተሳፋሪዎቻቸውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ እስከ ወለሉ ድረስ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ባልኩበትም ከመኪናዋ ሥር ያለውን እያየሁ፣

የዘወትር አክባሪዎ
የመካኒኩ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዋርሳዬ ቅዳሜ ጠዋት ወገቡን ክፉኛ እንደሚያመው ከዛሬው ታውቋል። ሕመሙ የሚመጣው ከእኔ ቤት ነው፤ ጥፋተኛ ከተፈለገ አድራሻዬ ካርዱን በላኩልኝበት ፖስታ ላይ አለ። ሌላም ሹፌር ቢያዝዙ ይህን ደብዳቤ አንብቧል፤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የለጠፍኩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ መሪውን የሚይዙት ክቡርነትዎ ብቻዎን ነዎት ማለት ነው። ቃሉን አላልቶ ለማንበብ እስከ ዓርብ ማታ ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ራስዎ እንዳነበቡት ይሆናል፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለም ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ነበር፤ ከቀለም በኋላ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ይጠብቅዎታል።