ከዱባይ አራት ሰዓት፣ ከቦሌ ስድስት

ለተከበሩ የመንገድ ጉዳይ ኃላፊያችን
ቱሉ ዲምቱ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ወንድዬ ተሰማ፣ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ንዴቱ ካላነቀኝ በቀር ደህና ነኝ። መኪናዎና ከፊት ከፊት የሚሄድልዎ ሞተረኛም ደህና እንደሆኑ ተስፋዬ ነው።

በምስጋና ልጀምር። ባለፈው ቅዳሜ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ሩት፣ እናታችን ወይዘሮ ብዙወርቅ መድከሟን ሰምታ መጣች። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው አሉ፤ ባሕር ተሻግራ በአራት ሰዓት ቦሌ አረፈች። ከቦሌ እኛ ቤት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱን ደግሞ በስድስት ሰዓት ጨረሰችው። ለዚህ ያበቃን እጅዎ ይባረክ እያልሁ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቃሊቲን እንዳለፉ አስፋልቱ መሐል ነጭ ድንኳን ተተክሏል። እኛ መንገድ ላይ ድንኳን ስናይ የምናውቀው ለቅሶ ነው። የላዳው ሹፌር ሙህዲን እንደ ደንቡ ሙዚቃውን ዘግቶ ቆመ፤ እህቴም አንገቷን ደፍታ ነፍስ ይማር አለች። ከኋላ የተደረደረው ሚኒባስ ሁሉ አስከሬኑ እስኪወጣ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ክላክስ አልነካም። ምን ያለ ጨዋ ሕዝብ እንደሚያስተዳድሩ ይወቁልኝ።

፪. ከድንኳኑ የወጣው ግን ጭብጨባ ነው። ለካ የእርስዎ የመንገድ ምረቃ ኖሯል። መጨናነቅ ያቃልላል የተባለውን መንገድ ዘግተው፣ መጨናነቅ ተቃለለ ብለው ንግግር ያደርጉ ነበር። ሩት እናቷ እያጣጣረች መሆኑን ነግራ ጥበቃውን ብትለምነው፣ ሪባኑ ሳይቆረጥ ጎማ አያልፍም አላት። ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ደግሞ ገና ከቤታቸው አልተነሱም። ሻንጣዋን ለሙህዲን ትታ በቦዩ ዳር በእግሯ መጣች።

፫. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ ይወቁት ብዬ ነው። እናቴ ከንጋት ጀምሮ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ የት ደረሰች ትለኛለች። ሳውዲን አለፈች፣ ቀይ ባሕር ላይ ናት፣ ቦሌ ወረደች ባልኋት ቁጥር ነፍስ ትዘራለች፤ ትራስ አስደግፉኝ፣ ፀጉሬን አስተካክሉልኝ ትላለች። ስምንት ሰዓት ግድም በስልክ የሰማሁትን ሳልደብቅ፣ ቃሊቲ ደርሳለች አልኋት።

እናቴ አርባ ዓመት አቃቂ የኖረች ሰው ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ቃሊቲማ ሩቅ ነው፤ አልደርስላትም» አለች።

ሩት ከመግባቷ ከአንድ ሰዓት በፊት የእናታችንን ዓይን የከደንሁት እኔ ነኝ።

ንግግርዎን ያህል ዕድሜ ይስጥዎ፤ የሚወዱት ሰው ሲጠራዎት ደግሞ እኛን ያስኬዱንን መንገድ ይስጥዎ።

እጅ እየነሳሁ፣
ወንድዬ ተሰማ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ በእጄ ላደርስ ተነስቼ ነበር። ሳስበው ግን ለሩት ሰጠኋት፤ ዱባይ ወስዳ ከዚያ በፖስታ ትልክልዎታለች። በዚያ በኩል ሳይቀድም አይቀርም።