ቢጫ ጨምርልኝ

ውድ ወንድሜ፣

የሰላምታውን ነገር እንተወው። ደህና እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ ደህና የሆነ ሰው እናቱ ስልክ ስታነሳ ጆሮዋ ላይ አይዘጋም። እንደ ልማድህ መጨረሻውን ብቻ አይተህ እንዳታጥፈው፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዛሬ እማዬ "ደብዳቤ ጻፊልኝ" ብላ ጠራችኝ። ከቴሌቪዥን ጋር የምትገጠመው ያቺ አሮጌ ኮምፒውተርህ ፊት ተቀምጣለች። የስክሪኑን ቀለም እንዲቀይርላት የሠራኸውን ፕሮግራም ከተቀዳበት ካሴት ላይ ራሷ ናት የምትከፍተው፤ ቁልፎቹን ጣቷ ያውቃቸዋል። ካሴቱ ሲንጫጫ "መጣ የልጄ ጩኸት" ትላለች።

የሠራህላት ዕለት ትዝ ይለኛል። የጥልፍ ንድፏን ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ካሬ ስትሥል "መስመሩ ደበዘዘብኝ" አለች። ጀርባውን አጠቆርከው፣ መስመሩን ቢጫ አደረግህላት። "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዓይኔን መለስክልኝ" አለችህ። ከዚያማ ሥራ አገኘህ። እሷ "የኔ ጌታ፣ ትንሽ ቢጫ ጨምርልኝ" ትላለች፣ አንተ ትጨምራለህ። ደንበኛዋ ቅጠሉ በሰማያዊ ክር ተጠልፎብኛል ብላ የጠረጴዛ ልብሷን ስትመልስ እንኳ፣ "የኔ ቅጠል ዘመናይ ነው" ብላ ሦስታችንንም አሳቀችን።

ቢጫው ባይኖር ኖሮ ቀደም ብለን ሐኪም ቤት እንሄድ ነበር። ይህን አልክድህም። ሐኪሟ "የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም። እስከ ዛሬ እንዴት ሠሩ?" ስትላት እማዬ ኮራ ብላ "ልጄ ያሳየኝ ነበር" አለች። ያኔ ፊትህን አየሁት። ብዙም ሳትቆይ ሻንጣህን አነሳህ፤ "ዓይኗን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብለኸኝ አውቶቡስ ውስጥ ገባህ።

ተናድጄብሃለሁ። በዓይኗ አይደለም፤ እሱንማ ማናችንም አላወቅንም። የተናደድኩት ጥለኸን ስለሄድክ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ የምመራት እኔ፣ የምትጠራው አንተን።

"ምን ብዬ ልጻፍለት?" አልኳት።

"ተሽሏታል በይው። ይኸው ቢጫውን እያየሁት ነው። አበባ እየሣልኩ ነው በይው። ይህን ከሰማ ይመጣል።"

በጣቷ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አበባውን ታሳየኛለች። ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል። ጠዋት ወለሉን ስጠርግ ሶኬቱን ነቅዬ ረስቼዋለሁ። "እሺ እማዬ፣ እጽፍለታለሁ" ብዬ ወጣሁና ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ቃሏን ይኸው ጻፍኩልህ። እሷ የምታይ መስሎህ እንድትመጣ ትፈልጋለች። እኔ የምለምንህ ግን እንደማታይ እያወቅህ እንድትመጣ ነው።

ስትመጣ "ቢጫ ጨምርልኝ" ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ቁልፉን ተወውና እጇን ያዛት።

የተናደደችብህም የምትጠብቅህም
እህትህ