ንግሥቷን አስቀምጦ የተነሳው

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ምሽት

ዛሬም ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ፣ ደብተሬ። ሁለት ሱሪ ማሳጠር ይቀረኛል፤ ባለቤቶቹ ይራገሙኝ። ቅዳሜ የቼዝ ግጥሚያዬ ከሰይድ ጋር ነው። የሮቢቱ ሰይድ፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራው። ያሸነፈ ቆቦን ወክሎ ለውድድር ወልዲያ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ገጠምኩት፣ ሦስቱንም ዓመት እሱ ሄደ። ዘንድሮ ከተሸነፍኩ ቼዝ በቃኝ አልኳት ለባለቤቴ ለአሚና። ሳቀች። በየዓመቱ ትሰማዋለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ 11 ሰዓት

አሸነፍኩ!

ጨዋታው ጠቦኝ ነበር። ሰይድ ንግሥቱን አንስቶ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ያስባል። በዚህ መሃል የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሸህ አደም ወደምንጫወትበት ሻይ ቤት ጎራ አሉ። ቤቱ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። እሳቸውም «በአላህ፣ ተቀመጡ» አሉ። ሰይድ ብድግ ሲል ንግሥቷን እጁ የደረሰበት ላይ አስቀመጣት። ፈረሴ አፍ ውስጥ! አስቀምጠሃል አልኩት። ዳኛው ደንቡን ተናገረ፤ እጅ ከለቀቀ አለቀ። ሰይድ አልተከራከረም። ንግሥቷን ስበላበት እጁን ሰጠኝ።

ወልዲያ!

እሑድ፣ ጥር 17

ሰው እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። አሚና ግን አንዲት ነገር ጠየቀችኝ፤ አንተስ ተነሳህ?

አልተነሳሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው ቁጭ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኔ ንግሥቷ ላይ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፣ ልክ ነው። ግን ሰይድን የጣለው አስተዳደጉ ነው። ለእኔስ ያሸነፈልኝ ምኔ ነው? አፈርኩ፣ ደብተሬ። ክፉኛ አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ሸህ አደምን ገበያ አፋፍ አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቀደሙኝ፤ በመግባቴ ጨዋታችሁን አበላሸሁ፣ «አውፍ በለኝ ልጄ» አሉኝ። እኔን!

ከሰዓት ጨዋታውን እንድገመው ብዬ ለሰይድ ደወልኩ። ደንብ አይደል፣ ተወው እንጂ አለኝ። ለመንኩት፤ በመጨረሻ እሺ አለ። ዳኛው የአሸናፊውን ስም ገና ወደ ወልዲያ አላስተላለፈም፤ ከተስማማችሁ ድገሙት ብሎኛል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቼዙን ይዤ ሮቢት እወርዳለሁ። ንግሥቷ እጁ ላይ ከነበረችበት እንቀጥላለን፤ ያሸነፈ ወልዲያ ይሄዳል።

አሁን ጠጠሮቹን እንደነበሩ ደርድሬ አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ማምለጫ የለኝም፤ በአራት እርምጃ እሸነፋለሁ።

የመጀመሪያው ሚኒባስ 12 ሰዓት ይነሳል።