የአደራው ሽንት ቤት

አንኮበር፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

የትናንቱ የበቅሎ መንገድ ወገቤን አድቅቆታል። ዛሬ ደግሞ ዐምና ለተማሪዎች ያስቆፈርነውን ሽንት ቤት ልመረምር ሄድኩ። ዲሬክተሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፍ ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው በሩን ከፈቱልኝ። ወለሉ ተጠርጓል፤ ሽታ የለ፣ ዝንብ የለ። ሥራችን ፍሬ አፈራ ብዬ ላመሰግናቸው ስል ተማሪዎች ከጓሮው ቁጥቋጦ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ብቅ አሉ።

«ልጆቹ እዚህ አይገቡም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ጌታው፣ ያበላሹታል። ቆሻሻ ሆኖ ቢያገኙት ምን ይሉኛል?»

የምራቸውን ነው። ዐምና ቁልፉን ሳስረክባቸው «ንጽሕናውን አደራ» ያልኳቸው እኔው ነኝ። እሳቸው ደግሞ አደራ የሚበሉ ሰው አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሳያስነኩ ጠበቁልኝ። ልቆጣ አሰብኩ፤ አቅም አጣሁ።

ከደብረ ብርሃን ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን የተሰጠኝ ፎርም የሚጠይቀው ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ንጹሕ ነው ወይ ብቻ ነው። አለ፤ ንጹሕ ነው። ጽፌ ፈረምኩ።

ነገ ወደ አሊዩ አምባ ትምህርት ቤት እወርዳለሁ። ዐምና እዚያም ቁልፉን ያስረከብኩት አደራ ብዬ ነው።