ጋዝ አለ?

ለልጄ አለቃ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የከሰሉ ብናኝ ደረትህ ላይ እንዳይቀመጥ ትኩስ ነገር ጠጣ። እኛ ገርጂ ደህና ነን፤ ከኢምፔሪያል መንገድ የመኪና ጡሩምባ በቀር የሚያስጨንቀን የለም። አለቃ ነህና አንቱ ልልህ ነበር። የታላቅ ወንድሙ እኩያ መሆንህን እዝራ ስለነገረኝ ግን አንተ አልኩህ፤ እንዳትቀየመኝ።

ብርነሽ ነኝ፣ የእዝራ እናት። ልጄ ከከሰል ጉድጓዳችሁ ለፈቃድ ከመጣ ጀምሮ ከአፉ የማትጠፋው አንተ ነህ።

ለእዝራ ስህተት ጥፋተኛው ሱቃችን ነው መሰለኝ። ድሮ ላምባ እንሸጥ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ ጋዝ አለ? እያለ ነበር የሚመጣው። እዝራም በርሜሉን አሽትቶ አለ ወይም የለም ይላል። እናንተ ዘንድ ሲቀጠር፣ ጋዝ ካለ ምንም ሞተር እንዳታስነሱ ተብሎ በደንብ ተነግሮታል። አንተ ከመሬት በታች ጋዝ አለ? ብለህ ስትጠይቀው ታዲያ፣ አየሩን ሳብ ሳብ አድርጎ የለም አለህ!

የጋዝ መለኪያህን ወደ ጣሪያው ስትሰደው ጮኸ። ሌላ አለቃ ቢሆን ስድብ ያጠጣው ነበር። አንተ ግን ሁሉንም ወደ ውጭ አወጣህና ጋዝ ማለት ምንድን ነው ብለህ እያንዳንዳቸውን ጠየቅህ። አንዱ ላምባ አለ፤ አንዱ የምድጃው ሲሊንደር። ቢተው የሚሉት ጓደኛቸው ደግሞ ባቄላ የበላ ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ነው ብሎ አሳቃችሁ። ከከሰሉ የሚወጣው እንደማይሸት፣ እንደማይታይ፣ አንዲት ብልጭታ ካገኘ ግን ጉድጓዱን ከነሰዉ እንደሚያጋየው ያን ቀን ገባቸው። ጋዝ የሚለውን ቃል ከለከልካቸው፤ ስሙንም ዝምተኛው አላችሁት።

ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ የአየር ማራገቢያው ቆመ። መብራቱ ሲመጣ እዝራ መሰርሰሪያውን ሊያስነሳ እጁን ሲሰድ፣ ቢተው ዝምተኛው አልተለካም ብሎ ጮኸበት። ሁሉንም ጥለው ወጡ። ስትለካ ለካ ሞልቶ ኖሯል! ንጹሕ አየር ገብቶ እስኪጠራ ድረስ ሥራ ፈታችሁ ዋላችሁ። የበላዮችህ ምንም ሳይሆን ሥራ አስፈታህ ብለው እንደተቆጡህም ሰምቻለሁ። ምንም ሳይሆን! እኔ ይህን ወረቀት የምጽፍልህ እኮ ምንም ስላልሆነ ነው። ልጄ አሁን ከጎኔ እያንኮራፋ ነው። ድሮ ማንኮራፋቱ ያናድደኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ።

አለቃህ ይህን ብልሃት ከየት አመጣው ብዬ እዝራን ስጠይቀው ሊነግረኝ አልፈለገም። ስጨቀጭቀው ጊዜ፣ ታናሽ ወንድምህም ሌላ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሁ አሽትቶ የለም ብሎ እዚያው እንደቀረ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

እናትህ ሃያ ሁለት ሰፈር እንደሚኖሩ ነግሮኛል፤ ለካ ጎረቤት ነን። እንዲህ ያለ ልጅ ስላሳደጉ ላመሰግናቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። የእኔ ልጅ እቤት ተኝቶ፣ ምን ብዬ ልግባ? እስቲ አንተ ጻፍልኝ።

ክፉ አይንካህ። የገባህበት ምድር መውጫ አይንሳህ። ለፈቃድ ስትወጣ እኛም ቤት ቦታ አለህ።

የእዝራ እናት፣
ከፈቀድክልኝም ያንተ